የትኛዋ ዳርቻ ትሻላለች

ታናሿ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ ደህና ነው? ትልቋን ልጅሽን ሳሉ ለቀቃት? ትንሹስ አሁንም ሾርባውን ለድመቷ ያካፍላል? እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል ብለሽ ጽፈሽ አዘንኩ፤ እዚህ ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ አናት ትበሳለች። እኛ ድንግል ትመስገን ቆመን እንሄዳለን። እማማን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ምንም አልሆነ። አሁን እንኳ አጠገቤ በገመድ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አደንጓሬ ትለቅማለች፤ ትንሽ በጻፍኩ ቁጥር «እስቲ አንብቢልኝ» ትለኛለች። ስለዚህ አንዳንዱን አስረዝሜ፣ አንዳንዱን ደግሞ ቆረጥ አድርጌ ባልፈው አይግረምሽ።

ስልክሽን ባለማንሳቴ ተቀይመሽኝ ይሆናል። ደጋግመሽ ደውለሻል፤ ሲጮህ እያየሁት ነው ዝም ያልኩት። አንቺ ድምፄን ከሰማሽ በ«ሃሎ» ብቻ በሆዴ ያለውን ታወጪዋለሽ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ እንዲህ ነሽ። ደብዳቤ ይሻላል፤ ሰው የጻፈበትን ብቻ ነው የሚናገረው። ይህን በማታው አውቶቡስ ለሹፌሩ እሰጠዋለሁ፣ ነገ እጅሽ ይገባል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽና ወደ ጥያቄሽ እመለሳለሁ። ኦዲሎን ረቡዕ ጠዋት ጀልባውን ይዞ ወጥቶ እስካሁን አልገባም። ዛሬ ቅዳሜ ነው። እማማ ይህችንም እንድጽፍ የፈቀደችልኝ በስንት ልመና ነው፣ ያውም ቃሉን ራሷ መርጣ። «ዘግይቷል በያት። ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ» አለችኝ። እንግዲህ ወንድማችን ዘግይቷል። እንደምታውቂው ከዚህ በፊትም ዘግይቶ ያውቃል፤ ሞተሩ ሞቶበት ወደ ደቡብ ተንሳፎ፣ በኋላ በጭነት መኪና ቅርጫት ሙሉ ማንጎ ይዞ እየሳቀ መጣ። «ያኔም እናንተ ሻማ ስታበሩ እኔ ምሳውን አሙቄ ነው የጠበቅኩት» ትላለች እማማ። አሁንም በየቀኑ ታሞቃለች።

ለሕማማት ሳምንት ልጆቹን ይዘሽ እንድትመጪ፣ የዋና ልብሳቸውንም እንዳትረሺ፣ ኦዲሎን ራሱ በጀልባ ያዞራቸዋል ብለሽ ጻፊ ብላኛለች። ይኸው ጽፌዋለሁ። አንብቤላታለሁም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ለልጆቹ የትኛዋ ዳርቻ ትሻላለች?» ብለሽ ጠይቀሻል፤ ባልሽም ከኢንተርኔት ያወጣውን ዝርዝር በጥሩ ወረቀት አትሞ ከደብዳቤሽ ጋር ልኮልናል፣ በኮከብ በኮከብ አድርጎ። ወይ ጉድ! ተወልደን ላደግንባት ባሕር ሁለቴ እግሩን ያልነከረ ሰው ኮከብ ሰጠልን። ሳሊና ሁለት ኮከብ ተኩል! ግማሹ ኮከብ የምን ይሆን? ባለፈው ሸርጣን አይቶ ጠረጴዛ ላይ የወጣው እዚያ ስለሆነ ይሆናል። አትቀየሚ፣ ባልሽን እወደዋለሁ፤ ስለምወደው ነው የምስቅበት።

በዝርዝሩ አናት ላይ ማንሳ አለች። ማንሳ ስሟ እንደሚለው ገራም ናት፤ ውሃዋ የልጅ ወገብ ሳይደርስ ሩቅ ያስኬዳል። በሕማማት ሳምንት ግን አሸዋዋ አይታይም። ከዋና ከተማው የመጣው ሁሉ ከነድስቱ ከነአያቱ ይሰፍርባታል፤ ጃንጥላ በጃንጥላ፣ ከበሮው፣ የዓሣው ጥብስ፣ ኮኮናት ሻጩ፣ ልጅ የጠፋባት እናት ጩኸት። ያም ሆኖ በሌላ ዓመት ቢሆን ዝም ብለሽ ማንሳ ውሰጃቸው እልሽ ነበር።

በዚህ ሳምንት ማንሳም ማንሳ አይደለችም። ከረቡዕ ከሰዓት ጀምሮ የሩቁ ማዕበል ገብቷል። ታውቂዋለሽ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከሥር የሚያብጠው። እንግዳው ቀና ብሎ ያይና «ምን ያለ ቀን ነው!» ይላል፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ባሕሯ የማንሳን አሸዋ በልታ በሰው ቁመት ገደል ሠርታለች፣ ዶን አብንዲዮ ምግብ ቤቱ ፊት የደረደራቸውን ወንበሮችም ወስዳለች። የዳርቻው ጠባቂ አትዋኙ የሚለውን ቀይ ባንዲራ ሰቅሏል። ከሆቴሎቹ የሚመጡት ወጣቶች ባንዲራው ሥር ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ትናንት አንዷን፣ «የኔ ልጅ፣ ከዚያ ፈንጠር በዪ» አልኳት፤ «እትዬ፣ መዋኘት እችላለሁ እኮ» አለችኝ። መዋኘት! ኦዲሎንም ይችላል አልኩና ምላሴን ነከስኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ ስላልገባት ሳቀችልኝ።

እማማ ይህንን ስትሰማ፣ «ስለ ኮኮናቱ ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል» አለችኝ። ወጣቷን ዘልዬ ነው ያነበብኩላት።

ሳሊና ለልጆች አትከፋም፤ በድንጋዮቹ መካከል የሚቀረው ውሃ ገንዳ ገንዳ ይሠራል፣ ትንንሽ ዓሦች አሉበት። ባልሽን ካሰርሽልኝ ችግር የለም። በዚህ ሳምንት ግን እዚያ ወንዶቹ ናቸው። ገና ጎህ ሳይቀድ ቻኖ አበልጃችን ሰዎቹን ይዞ ይሄዳል፣ ረጃጅም ዘንግ ይዘው በየገንዳው ይፈትሻሉ። ሳሊናን ለወንዶቹ፣ ቦኪታን ለሴቶቹ አድርገን ተከፋፍለናል። ልጆች ባያዩት ይመረጣል።

ቦኪታ ደግሞ ፈጽሞ አትውሰጃቸው። ከምሬ ነው። ልብሽ እዚያ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኛ ያደግነው ወንዙ ከባሕሯ ጋር በሚገናኝበት በዚያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነው። ግን ባሕሯ የወሰደችውን የምትመልሰው በቦኪታ በኩል መሆኑን አትርሺ። ልጆች ሳለን ለዚሁ አልነበር የምንወዳት? ከአውሎ ነፋሱ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበር ያገኘነው እዚያ ነው። ያቺ ሆዷ የተነፋው ጥጃስ? አንቺ «ተኝታ ነው» ብለሽ በቅጠል ያራገብሽላት? አባባ መጥቶ እስኪጎትትሽ ድረስ አልነሳም አልሽ።

አሁን በየማለዳው እኔና የቻኖ ሚስት እንሄዳለን። ጫማችንን አውልቀን ከወንዙ አፍ እስከ ድንጋዮቹ ድረስ እንጓዛለን። መጀመሪያ የምናየው ሰማዩን ነው፣ ጥንብ አንሳዎቹ የት ላይ እንደሚዞሩ። ትናንት ዞሩ። እንዴት እንደሮጥኩ አልነግርሽም፤ በዚህ ዕድሜዬ ቀሚሴን እስከ ጭኔ ሰብስቤ። ኤሊ ነበረች። ኤሊ በመሆኗ ድንግልን አመሰገንኩ፣ ወዲያው ደግሞ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ የቻኖ ሚስት አልጠየቀችኝም፤ እሷም አፏን በሻርፕዋ ይዛ ነበር።

ዛሬ ደግሞ የነዳጅ ጀሪካን አገኘን። ቀይ ነው፣ እጀታው ላይ ገመድ ታስሮበታል። እንደ ኦዲሎን አድርጎ ገመድ የሚያስር ሰው በዚህ ዳርቻ የለም፤ ያቺን ግራኝ ስለሆነ በተገላቢጦሽ የሚቋጥራትን ቋጠሮ ታውቂያታለሽ። እማማ ጀሪካኑን አገላብጣ አየችው። «ቀይ ጀሪካን የሌለው ማን አለ?» አለች። ከዚያ አጥባ ጓሮ ደፋችው፤ ሲመጣ ይፈልገዋል ብላ።

ይህን ሁሉ «አንብቢልኝ» ስትለኝ ያነበብኩላት ያንኑ የኮኮናቱንና የከበሮውን ነው። «ስለ ማንሳ አበዛሽው፣ ልጅቷ ይሰለቻታል» አለችኝ።

ሰፈሩ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሳልፍ ወሬ ይቆማል። ዳቦ ጋጋሪዋ የእሑዱን ጣፋጭ ዳቦ በዓርብ ላከችልን። ዶኛ አምፓሮ ደግሞ፣ ያቺ ቀብር ቀድማ የምትደርሰው፣ ትናንት ከወንድ ልጇ ጋር ታጣፊ ወንበሮች ተሸክማ መጥታ በራፋችን ላይ መደርደር ጀመረች። እማማ መጥረጊያዋን እንደያዘች ወጣች። «አምፓሮ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አለቻት። «እንዲያው፣ ሰው ከመጣ መቀመጫ እንዳይቸግራችሁ ብዬ ነው፣ እናት ዓለም» አለች። «ማን ነው የሚመጣው? የሚመጣው አንድ ልጄ ነው፣ እሱም የራሱ ወንበር አለው። ባይሆን አንቺ ቤት ሰው ሲጠፋ ትደረድሪያቸዋለሽ!» ብላ አንዱን ወንበር በእግሯ ገፋችው። አምፓሮ አልተቆጣችም። እሷ ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ እኔ ይሻለኝ ነበር። ወንበሮቹን አንድ በአንድ አጣጥፋ፣ እማማን ግንባሯን ስማት ሄደች።

ሌላም አለ፣ ሳልነግርሽ አላልፍም። አባባ ባሕሯን «እሱ» ያለ ሰው ጀልባው ላይ እንደማያሳፍር ታስታውሻለሽ። «እሱ» የሚላት እንግዳ ነው፣ ሆቴል ያደረ ሰው ነው። እኛ «እሷ» ነው የምንላት፤ ተቆጣች፣ ተኛች፣ ሰጠች፣ ነሳች። ከኛ ወገን «እሱ» የሚሉት አሮጊቶቹ ብቻ ናቸው፣ ያውም ከቤታቸው ሰው የወሰደችባቸው ጊዜ። ለሟቹ የሚደረሰው የዘጠኝ ቀን ጸሎት አልቆ ወለሉ ላይ የሚነጠፍለት መስቀል እስኪነሳ ድረስ በሴት ስም አይጠሯትም። ዛሬ ከቦኪታ ስመለስ እማማ በር ላይ ቆማ «ዛሬ ጸጥ ብሏል» አለች። ስለ ኦዲሎን የምታወራ መሰለኝ። «ማን ነገረሽ? የት ነው ያለው?» ብዬ ክንዷን ያዝኳት። እሷ ግን ውሃውን ነበር የምታየው። ዞራ አየችኝ፤ ምን እንዳመለጣት እሷም ያን ጊዜ ነው የገባት። «ድስቱን እዪ፣ ይቃጠላል» ብላኝ ገባች። ድስቱ ገና አልተጣደም ነበር።

ስለዚህ ታውቃለች። «ዘግይቷል» የምትለን ለኛ ብላ ነው፣ እኛም «አዎ ዘግይቷል» የምንላት ለሷ ብለን። እኔ ግን ልብ ብለሽ ከሆነ እስካሁን «እሷ» እያልኩ ነው የጻፍኩልሽ። በዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ «እሷ» ማለት አለበት።

እማማ አሁን ወጣች። ለነገው ሆሳዕና ዘንባባ ልጎንጉን ብላ ከሴቶቹ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እስክትመለስ የቀረውን ልጨርስልሽ።

ስለ ካሌታ አልጻፍኩልሽም። ባልሽ ዝርዝር ላይ የለችም፤ መኪና የማይገባባትን ኢንተርኔት ከየት ያውቃታል? ከትልቁ አለት ማዶ ስለሆነች በጀልባ ካልሆነ አይደረስባትም። ካቻምና የመጣው አውሎ ነፋስ አሸዋዋን ጠርጎ ባዶ ድንጋይ አስቀርቷት ነበር፣ ከዚያ ወዲህ የሄደባት የለም።

ደብዳቤሽ የደረሰን ማክሰኞ ነው። እራት ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ኦዲሎን በባልሽ ኮከቦች የቶርቲያ ቂጣው እስኪያንቀው ሳቀ፤ እማማ ጀርባውን መታችው። ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ፣ «ይሄ ሰውዬ ማንሳን አንደኛ አደረጋት? የእህቴን ልጆች የከተማ ሰው ሊረግጣቸው?» አለ። ከዚያ ጠረጴዛውን በማንኪያ ቀስ ቀስ እያደረገ መምታት ጀመረ፤ ሲያስብ ያችን ልማዱን ታውቂያታለሽ። ለማንኛውም፣ በማግስቱ ወጣ። ለምን እንደወጣ አልነገረንም። ለዓሣ ይሆናል። መረቡን ግን ምስማሩ ላይ ትቶት ነው የሄደው። ይህችን ባልጽፋት ይሻል ነበር፤ አሁን ብሰርዛትም ከሥር ታነቢያታለሽ።

መጨረሻ ያየው ቻኖ ነው። ቻኖ ጀልባው ከሥሩ ከፍ ዝቅ ሲልበት ማዕበሉን አውቆ ወደ ቤት እየገባ ነበር። ያን ጊዜ ኦዲሎን ከካሌታ በኩል አለቱን ዞሮ ብቅ አለ። ቻኖ እጁን እያወራጨ «ቶሎ ግባ! ከሥር እየመጣ ነው!» ብሎ ጮኸ። ኦዲሎን ሰምቶታል፣ እጁን አንስቶለታል። ግን ጀልባው ላይ ቆመ። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም ይላል ቻኖ። «አሸዋው ተመልሷል! እንደ ዱቄት ሆኗል! ልጅ ቢወድቅ አይቧጨርም! ንገሯት!» አለ። ቻኖ «ማንን?» ቢለው መልሱን ሞተሩ ዋጠው። ከዚያ የመጀመሪያው ትልቁ ማዕበል መጣ፣ ቻኖም የራሱን ጀልባ ለማዳን ፊቱን አዞረ። መልሶ ሲያይ አለቱ ጋ አረፋ ብቻ ነበር። ቻኖ ይህን ሲነግረን ኮፍያውን በሁለት እጁ እየጨመቀ ነበር። እማማ «ለምን ፊትህን አዞርክ?» አላለችውም። ሾርባ ሰጠችው።

ማንን ማለቱ እንደሆነ እዚህ ቤት አንጠያየቅም። እማማ «እኔን ነው። አሸዋ እንደምወድ ያውቃል» አለችን። እማማ ዕድሜዋን ሙሉ ካሌታን ረግጣ አታውቅም። «ይህን ለእህትሽ ብትጽፊ ወዮልሽ» ብላኛለች፣ እውነቷን ነው፣ ሆድ ይፍጀው ማለት ነበረብኝ። ግን ንገሯት አለ። አደራ ነው። የወንድሜን አደራ ቀርጥፌ መብላት አልቻልኩም፣ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት፣ አልቻልኩም። አንቺም እማማን ማለቱ ነው ብለሽ ያዢው። እለምንሻለሁ፣ እንደሱ ብለሽ ያዢው። አንቺ የጠየቅሽው ማንኛዋም እናት የምትጠይቀውን ነው።

ስለዚህ ልጆቹን ከአባታቸው ጋር ተዪአቸው። ከላይ የጻፍኩት ግብዣ የእማማ ነው፣ የኔ ይኸኛው ነው። ብቻሽን ነዪ፣ ማክሰኞ ሳይገባ ድረሺ። እማማ ብትጠይቅሽ ትልቋ ላይ ሳሉ አገርሽቶባት ነው በያት። አውቶቡሱ ከኮረብታው ሲወርድ ባሕሯ በግራ በኩል ትታያለች፤ በቀኝ ተቀመጪ።

አንድ ነገር ይዘሽልኝ ትመጫለሽ። ትናንት የወደቡ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። ትሑት ልጅ ነው ያስተናገደኝ፣ ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃ ቀዳልኝ፣ ዓይኔን ግን አያየኝም። የኦዲሎንን ፎቶ ስሰጠው ትንሽ አየውና፣ «እትዬ፣ ሌላ የለዎትም? የሚስቅበት?» አለኝ። «ሳቁ ምን ያደርግላችኋል?» ብዬ ተቆጣሁት። «ጥርሱ እንዲታይ ነው» አለና ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረ። ቤት ገብቼ ያሉንን ፎቶዎች በሙሉ ገለበጥኩ። ያ የተሸረፈው የፊት ጥርሱ ያሳፍረው ስለነበር በሁሉም ላይ አፉን ገጥሟል፣ በመጀመሪያ ቁርባኑ እንኳ። አፉን ከፍቶ የሳቀበት ያንቺ ሠርግ ላይ ያለው ብቻ ነው፣ ታቅፎ ያነሳሽ ጊዜ የተነሳችሁት። ሳሎንሽ ግድግዳ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። እሱን አውርደሽ ከነፍሬሙ ይዘሽ ነዪ። እማማ ለምን አመጣሽው ካለችሽ፣ ናፍቆኝ ነው በያት።

ድንግል በመጎናጸፊያዋ ጠቅልላ ታድርስሽ። የልጆችሽን ደረት፣ የባልሽን እንቅልፍ፣ ያንቺን መንገድ ትጠብቅልኝ። ባልሽን ሳሚልኝ፣ በኮከቦቹ የሳቅነው በክፋት አይደለም በዪልኝ።

የምትጠብቅሽ
ታላቅ እህትሽ